የአርማታ ጥንካሬ በሠሪው እጅ፦ የግንባታ ሙያ ሥልጠና ከጉንደ ወይን አካባቢ አንጻር

ከግንባታ ዕቃዎች መካከል አርማታን የተለየ የሚያደርገው፣ ሳያልቅ ወደ ሥራ ቦታ የሚመጣ መሆኑ ነው። ብረት በፋብሪካ ተመዝኖና ተፈትኖ ይወጣል፣ ቆርቆሮም ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ይሸጣል፤ አርማታ ግን ሲሚንቶው ከፋብሪካ፣ አሸዋው ከወንዝ፣ ጠጠሩ ከካባ፣ ውሃው ከቧንቧ ወይም ከምንጭ ለየብቻ ይመጣና ጥንካሬውን የሚያገኘው ሕንጻው በሚቆምበት ግቢ ውስጥ፣ በሚለኩት፣ በሚያቦኩት፣ በሚሸከሙት፣ በሚጠቀጥቁትና ውሃ በሚያጠጡት ሰዎች እጅ ነው። አንድ ዓይነት ሲሚንቶና አንድ ዓይነት አሸዋ የተጠቀሙ ሁለት ቡድኖች፣ አንደኛው ሥራውን ስለሚያውቅ ሌላው ስለማያውቅ ብቻ፣ ጥንካሬው በእጥፍ የሚለያይ አርማታ ሊሞሉ ይችላሉ። የሠለጠነ ሠራተኛ እጥረት በሌሎች ሙያዎች ሥራን የሚያዘገይ ወይም የሚያስወድድ ችግር ሆኖ ሲታይ፣ በአርማታ ሥራ ግን ከዚያ አልፎ የሕንጻውን ደኅንነት የሚወስን ጉዳይ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

በምሥራቅ ጎጃም በቢቸናና በሞጣ መካከል የምትገኘው የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ መቀመጫ ጉንደ ወይን፣ እንደ አብዛኞቹ የክልሉ የወረዳ ከተሞች፣ ከእንጨትና ከጭቃ ቤት ወደ ብሎኬትና አርማታ ግንባታ በመሸጋገር ላይ የሚገኝ አካባቢ ናት። የባሕር ዛፍ ቋሚ የሚተከልበት፣ ማገር የሚመታበት፣ ከጭድ ጋር ተረግጦና ሰንብቶ የበሰለ ጭቃ የሚለጠፍበት ጥንታዊ አሠራር የራሱ የሆነ የሥልጠና ሥርዓት ነበረው፤ ልጅ ከአባቱ፣ ጎረቤት ከጎረቤቱ በደቦ ላይ እያየና እየሠራ የሚማረው፣ ስሕተቱም ቢሆን በሚቀጥለው በጋ ዳግመኛ በመለሰን የሚታረም ዕውቀት ነበር። አርማታ እንዲህ ያለ ውርስ የለውም። ስሕተቱ በልስን ይሸፈናል፤ ከተሸፈነ በኋላ ለዓመታት ሳይታይ ሊቆይ ይችላል፤ በታየ ጊዜም በቀላሉ የሚታረም አይደለም።

ለመሆኑ ሠራተኛው ሊያውቀው የሚገባው ነገር ምንድን ነው? ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ሲገናኝ የሚጠነክረው ውሃው ተንኖ በመድረቁ ሳይሆን፣ ውሃውን ወደ ራሱ ወስዶ አዲስ ጠንካራ ውሁድ በመፍጠሩ ነው። ለዚህ ኬሚካዊ ለውጥ የሚያስፈልገው የውሃ መጠን አነስተኛ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ የሚጨመረው ውሃ ድብልቁን ለማቡካትና ለመሙላት ቢያመችም፣ ቀስ በቀስ ሲወጣ ክፍተት ጥሎ ይሄዳል። ደፍ አብራምስ የተባለው አሜሪካዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1918 ባሳተመው ጥናት የአርማታን ጥንካሬ ከሁሉም በላይ የሚወስነው የውሃውና የሲሚንቶው ምጣኔ መሆኑን ያሳየ ሲሆን፣ ይህ ግኝት እስከ ዛሬ የአርማታ ሥራ መሠረት ሆኖ ቆይቷል። በተግባር ሲታይ፣ 50 ኪሎ ግራም ለሚመዝን አንድ ከረጢት ሲሚንቶ 25 ሊትር ውሃ ቢጨመር ምጣኔው 0.5 ይሆናል፤ ሠራተኛው ድብልቁ ስለጠነከረበት ግማሽ ጀሪካን፣ ማለትም 10 ሊትር፣ ቢጨምርበት ምጣኔው ወደ 0.7 ከፍ ብሎ ጥንካሬው ሲሶ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ይወድቃል። የሲሚንቶው ዋጋ አልቀነሰም፣ የብረቱም መጠን አልጎደለም፤ የባለቤቱ ገንዘብ ሲሶ ግን በግማሽ ጀሪካን ውሃ ጠፍቷል። እንጀራ ጋጋሪ ሊጧ እንዳይወፍር ውሃ ስትጨምርበት ምጣዱ ያንን ውሃ ያተነዋል፤ አርማታ ግን የተጨመረበትን ውሃ ምልክት ዕድሜውን ሙሉ ይዞት ይኖራል።

አለካኩም እንዲሁ ነው። በብዙ የሥራ ቦታዎች አሸዋና ጠጠር በአካፋ ወይም በባሬላ ግምት ይቀርባሉ፤ ትክክለኛው መንገድ ግን ይዘቱ ከአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ጋር የሚመጣጠን፣ ለምሳሌ ርዝመቱ 50፣ ወርዱ 40፣ ቁመቱ 18 ሴንቲ ሜትር የሆነ የእንጨት ሳጥን ሠርቶ፣ አንድ ሲሚንቶ፣ ሁለት አሸዋ፣ ሦስት ጠጠር እየተባለ አፉን እየላጉ መለካት ነው። አሸዋው ከዝናብ በኋላ የመጣ ከሆነ በውስጡ የያዘው ውሃ ከሚጨመረው ውሃ ላይ ሊቀነስ ይገባል። ከወንዝ የሚወጣ አሸዋ ደለል ሊይዝ ስለሚችል፣ ደለልና ሸክላም ሲሚንቶው ከአሸዋው ጋር እንዳይጣበቅ ስለሚከለክሉ፣ የኢትዮጵያ ደረጃ ከ6 በመቶ በላይ ደለል ያለው አሸዋ እንዲታጠብ ወይም እንዲመለስ ይመክራል። ይህን ለማወቅ ቤተ ሙከራ የግድ አያስፈልግም፤ በጠርሙስ ውስጥ አሸዋና ውሃ ጨምሮ፣ በኃይል ነቅንቆ፣ ለጥቂት ሰዓታት አስቀምጦ ከአሸዋው በላይ የረጋውን ስስ ንብርብር መለካት የመጀመሪያ ፍርድ ለመስጠት ይበቃል። ለአሸዋ የሚከፈለው ገንዘብ ከባድ በሆነበት አገር ይህች የጠርሙስ ፈተና በየግንበኛው ዘንድ የታወቀች አለመሆኗ ያሳዝናል።

ከድብልቁ በኋላ የሚመጡት ሁለት ሥራዎች፣ መጠቅጠቅና ውሃ ማጠጣት፣ ብዙ ጊዜ ለጀማሪ የቀን ሠራተኛ የሚተዉ ናቸው። በደንብ ያልተጠቀጠቀ አርማታ በውስጡ አየር ይቀርበታል፤ አንድ በመቶ የሚሆን ክፍተት ከጥንካሬው አምስት በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ስለሚታወቅ፣ ጠጠሩ የገጠጠና የተቦረቦረ ኮለን የመልክ ጉድለት ብቻ ያለበት ተደርጎ ሊታይ አይገባም። ቫይብሬተር በሌለበት በብረት ዘንግ በየንብርብሩ መውጋት፣ ባለበትም ቀጥ አድርጎ አስገብቶ ቀስ ብሎ ማውጣት፣ ብረቱን ከሳንቃው የሚያርቁ ትናንሽ የሲሚንቶ ጉርሻዎች አስቀድሞ ማሰር፣ ስታፋውን፣ ማለትም ቋሚ ብረቶቹን የሚያቅፈውን ቀጭን ብረት፣ በእኩል ርቀት መደርደር ሁሉም የሚማሩት እንጂ በጉልበት ብቻ የሚወጡት ሥራ አይደለም። በደጋማው ምሥራቅ ጎጃም የበጋው ፀሐይና ነፋስ የአርማታውን ገጽ ቶሎ ስለሚያደርቁት ቢያንስ ለ7 ቀናት በጆንያ ወይም በገለባ ሸፍኖ ውሃ ማጠጣት ያስፈልጋል። በአገራችን በሰፊው የሚሸጠውና የእሳተ ገሞራ ዐመድ የተቀላቀለበት ፒ.ፒ.ሲ. የተባለው ሲሚንቶ ደግሞ ጥንካሬውን የሚያገኘው ዘግየት ብሎ በመሆኑ፣ እስከ 14 ቀን ቢጠጣና የሶሌታው ድጋፍም ሳይቸኮል ቢቆይ ይመረጣል። በዚህ አካባቢ ለድጋፍ የሚያገለግለው ባሕር ዛፍ ለሌላ ቤት ተፈልጎ ከጊዜው በፊት ሲነቀል ሶሌታው የሚሰነጠቀው በመሐንዲስ ስሌት ስሕተት ሳይሆን ይህን ባለማወቅ ነው።

የሠራተኛው ዕውቀት በትናንሽ ከተሞች ከትላልቆቹ ይልቅ የሚያስፈልግበት ሌላም ምክንያት አለ። በ2001 ዓ.ም የወጣው የኢትዮጵያ ሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624 ሕንጻዎችን በሦስት ምድብ ሲከፍል፣ ባለ አንድ ፎቅ ሆነው በቋሚዎቻቸው መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጥባቸውን በምድብ ሀ አስቀምጧቸዋል፤ በዚህ ምድብ ይጠየቅ የነበረው የባለሙያ ክትትል ከፍ ካሉት ምድቦች የቀለለ ነበር። የጉንደ ወይን፣ የቢቸናና የሞጣ መኖሪያ ቤቶችና ሱቆች በብዛት ሲወድቁ የቆዩት በዚሁ ምድብ በመሆኑ፣ በግቢው ውስጥ ያለው የመጨረሻው ባለሙያ ግንበኛው ወይም ፎርማኑ ነው ማለት ነው። እርሱ ካላወቀ የሚያርመው ሰው የለም።

ይህ አካባቢ የግንባታ ዕውቀት ከውጭ ሲመጣና ሳይወረስ ሲቀር ምን እንደሚሆን የሚያሳዩ ምልክቶች አሉት። በጎረቤት እነብሴ ሳር ምድር ወረዳ የሚገኘው የመርጡለ ማርያም ጥንታዊ ፍርስራሽ ንግሥት እሌኒ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ያሠራችውና በኋላም በኢየሱሳውያን፣ ማለትም በካቶሊክ ሚስዮናውያኑ፣ ዘመን ዳግም የተገነባ ሲሆን፣ የተጠረበው ድንጋዩ የሠሪዎቹን ብቃት ዛሬም ይናገራል። ከሞጣ ወደ ጎንደር በሚያሻግረው የዓባይ መተላለፊያ ላይ የሚገኘው ሰባራ ድልድይም በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በድንጋይና በኖራ የተሠራ ነው። የኖራ ጭቃ አሠራር በዐፄ ሱስንዮስና በልጃቸው በዐፄ ፋሲል ዘመን ከሕንድ በመጡ ባለሙያዎች እገዛ እንደተስፋፋ የዘመኑ የኢየሱሳውያን ጽሑፎች ይገልጻሉ፤ ነገር ግን ጥበቡ በቤተ መንግሥትና በጥቂት እጆች ተወስኖ ስለቀረ በገበሬው ሰፈር የሚወረስ ሙያ ሳይሆን ቀረ። በጣሊያን ወረራ ዘመን የድልድዩ አንድ ቅስት ሲሰበር የአካባቢው ሰው ለአሥርተ ዓመታት በገመድ እየተጎተተ ለመሻገር የተገደደው በዚህ ነው ቢባል ሙሉ ምክንያቱ አይሆንም፤ መንገዱ፣ ገንዘቡና አስተዳደሩም ድርሻ ነበራቸው። ቢሆንም ቅስቱን ዳግም ሊያቆም የሚችል የሰለጠነ ግንበኛ በአካባቢው ቢኖር ኖሮ የታሪኩ አካሄድ ሌላ ሊሆን ይችል ነበር።

የድልድዩ ቀጣይ ታሪክ ደግሞ ለሥልጠና ጉዳይ ይበልጥ ይቀርባል። ሰዎች በገመድ ሲሻገሩ የሚያሳይ ፎቶግራፍ በመጽሔት ላይ ያየ አንድ አሜሪካዊ የግንባታ ባለሙያ በመነሣሣቱ ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ተመሠረተ፤ በቀጣዩ ዓመት ክፍተቱ በብረት ቢጋጠምም የ2005ቱ የዓባይ ሙላት ጠረገው፤ እ.ኤ.አ. በ2009 ደግሞ ከጎርፉ ከፍ ያለ ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። የተንጠልጣይ ድልድይ ሕይወት ያለው ገመዱን በያዙት የአርማታና የድንጋይ መልሕቆች ውስጥ ነው። ድርጅቱም ሆነ በኢትዮጵያ በእግረኛ ድልድይ ሥራ የሚታወቀው የስዊሱ ሄልቬታስ በየገጠሩ ሲሠሩ ዋና ዘዴ ያደረጉት የአካባቢውን ግንበኛ በሥራው ላይ እያሉ ማሠልጠንን ነው፤ ትምህርት ቤት በሌለበት ሥራው ራሱ ትምህርት ቤት እንዲሆን ማድረግ ይቻላልና።

በአገር አቀፍ ደረጃ የግንባታ ትምህርት የጀመረው ከላይ ወደ ታች ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የኢትዮ ስዊድን የሕንጻ ቴክኖሎጂ ተቋም መሐንዲሶችንና የሕንጻ ባለሙያዎችን ማፍራት ጀመረ፤ እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክም ቴክኒሻኖችን አሠለጠነ። እነዚህ ተቋማት ለአገሪቱ ያደረጉት ታላቅ ነገር ነው፤ ሆኖም በመሐንዲሱና በቀን ሠራተኛው መካከል ያለው ሰፊ ቦታ፣ ማለትም ፌሮ የሚያስር፣ ሳንቃ የሚያቆም፣ አርማታ የሚሞላ የተመሠከረለት ሠራተኛ ቦታ፣ ለረጅም ጊዜ ባዶ ቆየ። በዘልማድ ሲሞላ የነበረው በጣሊያን ዘመንና ከዚያ በኋላ በሥራ ቦታ በተቀሰመ ዕውቀት ነው፤ አርማታ፣ ፌሮ፣ ስታፋ፣ ሶሌታ፣ ባሬላ የሚሉት የሥራ ስሞች ሁሉ በዚያው መንገድ የገቡ ናቸው።

ይህን ባዶ ቦታ በስፋት ለመሙላት የተሞከረው በጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ነው። በ1996 ዓ.ም በአዲስ አበባ ገርጂ በጀርመኑ የልማት ድርጅት በጂ.ቲ.ዜድ. እገዛ የተጀመረው አነስተኛ ወጪ የሚጠይቅ የቤት ግንባታ ሙከራ፣ በ1998 ዓ.ም ወደ ሰፊ ፕሮግራም ሲያድግ፣ በፋብሪካ መልክ አስቀድሞ የተሠራ ቢምና ለሶሌታ የሚሆን ባዶ ብሎኬት የሚያመርቱ ጥቃቅንና አነስተኛ ድርጅቶች ተደራጁ። በአንድ ቅርጽ የሚደጋገም ሥራ ለሠልጣኝ የሚመች ስለሆነ፣ ብዙ ወጣቶች ሙያውን ያገኙት በዚህ አጋጣሚ ነው፤ ጥራቱ በየቦታው እኩል እንዳልነበረ ግን የሕንጻዎቹ ነዋሪዎች ሲናገሩ ቆይተዋል። ከዚያ ቀጥሎ ደብረ ማርቆስን ጨምሮ አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች ሲገነቡም ግንባታው ወጣት ሠራተኞች በርካታ ሙያ የቀሰሙበት መድረክ ነበር።

በ2000 ዓ.ም የጸደቀው የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና ስትራቴጂ አስተሳሰቡን ለወጠ። ከዚያ በፊት የሥልጠና መለኪያ የተማሩት ዓመት ብዛት ሲሆን፣ አዲሱ አሠራር ግን ሠልጣኙ በተጨባጭ መሥራት የሚችለውን መለካት ጀመረ፤ ለእያንዳንዱ ሙያ ደረጃ ተዘጋጀ፣ ከደረጃ 1 እስከ 5 የሚደርስ እርከን ተቀመጠ፣ ሰልጥኖ የጨረሰው ሰው በብቃት ምዘና ማዕከል፣ በተለምዶ ሲ.ኦ.ሲ. በሚባለው፣ እንዲመዘን ተደረገ። የትብብር ሥልጠና የሚባለው አካሄድም ሠልጣኙ ከጊዜው 70 በመቶውን በድርጅት ውስጥ በተግባር፣ 30 በመቶውን በኮሌጅ በንድፈ ሐሳብ እንዲያሳልፍ ያልማል። ሐሳቡ የጀርመንን የሙያ ማስተማሪያ ሥርዓት የተከተለ ሲሆን፣ ለአርማታ ሥራ ከዚህ የተሻለ ዘዴ ይገኛል ማለት ያስቸግራል።

እንከኑ ያለው በአፈጻጸሙ ላይ ነው። በወረዳ ከተማ የሚገኝ ኮሌጅ ሠልጣኙን የሚልክበት ትልቅ ኮንትራክተር በአቅራቢያው ላያገኝ ይችላል፤ ኮንትራክተር ቢኖርም ሠልጣኙን አሸዋ ከማመላለስ ያለፈ ሥራ ላያሠራው ይችላል። ሲሚንቶ በተወደደበት ጊዜ በየሳምንቱ ኮለን ሞልቶ ማፍረስ ለኮሌጁ ከባድ ወጪ ነው። ለዚህ መፍትሔው ሁልጊዜ ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ግንበኝነትን በኖራና በአሸዋ ድብልቅ አለማምዶ ዕቃውን ዳግም መጠቀም፣ ብረት ማጠፍንና ማሰርን ፈትቶ እንደገና በማሠር ማለማመድ፣ አርማታውን ግን ለሕዝብ በሚያገለግል ሥራ ላይ፣ ለምሳሌ በውሃ መውረጃ ቦይ ክዳንና በመማሪያ ክፍል ወለል ላይ፣ በተቆጣጣሪ ፊት ማስሞላት ይቻላል።

ከዚህም በላይ ትኩረት ሊሰጠው የሚገባው ለወደፊቱ ሠልጣኝ ብቻ ሳይሆን ዛሬ በሥራው ላይ ላለው ሰው ነው። በጉንደ ወይንና በአካባቢዋ ለአሥር፣ ለሃያ ዓመት ግድግዳ ሲገነቡና ሶሌታ ሲሞሉ የኖሩ፣ ነገር ግን ከአንደኛ ደረጃ ያላለፉ ባለሙያዎች አሉ፤ የብቃት ምዘናው ትምህርት ቤት ሳይገቡ ሙያውን የያዙትንም ለመመዘን ክፍት ነውና እነዚህ ሰዎች ተመዝነው ቢመሰከርላቸው፣ የጎደለባቸውን የውሃ ምጣኔና የአጠጣጥ ዕውቀት በአጭር ጊዜ አግኝተው ለወጣቶቹ አሠልጣኝ መሆን ይችላሉ። ይህ እንዲሆን ግን ምዘናው የቃልና የተግባር መልክ መያዝ፣ ማስተማሪያውም በአማርኛ መዘጋጀት አለበት፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የሥልጠና ሞጁል ለሚያስተምረው ሰው እንኳ እንቅፋት ሲሆን፣ ፊደል በጭንቅ ለሚያነብ ግንበኛ ደግሞ የተዘጋ በር ነው። ሴቶችም በኢትዮጵያ የግንባታ ቦታዎች አሸዋ በማቅረብ፣ ባሬላ በመሸከምና ውሃ በማጠጣት ከፍተኛውን ጉልበት እያፈሰሱ ወደ ሙያው እርከን እምብዛም አይወጡም። አርማታን የሚያድነው ውሃ ማጠጣት በእጃቸው ሆኖ ሳለ ለምን እንደሚጠጣና እስከ ስንት ቀን እንደሚቆይ የሚነግራቸው አለመኖሩ በደልም ኪሳራም ነው።

ወጪውን ማን ይሸፍን የሚለው ጥያቄ በሌሎች አገሮችም አከራካሪ ሆኖ ቆይቷል። ሠራተኛውን ያሠለጠነ ኮንትራክተር ሠራተኛው የተሻለ ክፍያ አግኝቶ ወደ ሌላው ሲሄድ ወጪው ይባክንበታል፤ ስለዚህ ሁሉም ሌላው እስኪያሠለጥን ይጠብቃል። ብሪታንያ ይህን የፈታችው እ.ኤ.አ. በ1964 በወጣው የኢንዱስትሪ ሥልጠና ሕግ መሠረት አሠሪዎች ለጋራ የሥልጠና ቋት እንዲከፍሉ በማድረግ ነው። ጎረቤት ኬንያም አሠሪውን በየወሩ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ 50 ሽልንግ ታስከፍላለች። መጠኑ ትንሽ ቢመስልም ያሠለጠነውንና ያላሠለጠነውን አሠሪ ሸክሙን ማጋራቱ ፍትሐዊ ያደርገዋል፤ ለኢትዮጵያም ሊጤን የሚገባው አካሄድ ነው።

አገሪቱ የአርማታ ዕውቀት አጥታ አይደለም። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀው የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ከ10 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ አርማታ የተሞላበት ነው፤ እንዲህ ባለ ሥራ ላይ የእያንዳንዱ ቀን ድብልቅ በቤተ ሙከራ ይፈተናል። የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወንዞች ወደ ዓባይ ይፈስሳሉ፤ የግድቡ ሥራ ዕውቀት ግን ወደ ላይ፣ ወደነዚህ ወረዳዎች፣ አልተመለሰም። በእንዲህ ያሉ ታላላቅ ሥራዎች ላይ የሠሩ ፎርማኖችና የቤተ ሙከራ ቴክኒሻኖች ወደየወረዳው ኮሌጅ በአሠልጣኝነት የሚመጡበት መንገድ ቢበጅ፣ በዩኒቨርሲቲ መማሪያ መጻሕፍት ከሚገኘው የተለየ ዕውቀት ይዘው ይመጡ ነበር።

ለጉንደ ወይን የሚስማማው ሥልጠና የአካባቢውን የሥራ ዘመን የተከተለ ሊሆን ይገባል። በምሥራቅ ጎጃም አብዛኛው የግንባታ ጉልበት የሚመጣው ከእርሻ ነውና፣ ከጤፍ አጨዳና ውቂያ በኋላ ባለው ከጥር እስከ ግንቦት በሚደርሰው ጊዜ በሁለትና በሦስት ሳምንት የተከፋፈለ ሥልጠና፣ አንደኛው በልኬትና በቡካት፣ ሌላው በሳንቃና በድጋፍ፣ ሦስተኛው በፌሮ፣ ቢሰጥ ገበሬው ወጣት ማሳውን ሳይተው ሊከታተለው ይችላል። ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ የቀጠለው ግጭት ትምህርትንና ሥልጠናን ክፉኛ ስላወከ፣ ሠልጣኙ ርቆ ወደ ደብረ ማርቆስ ወይም ወደ ባሕር ዳር ከሚሄድ ይልቅ አሠልጣኙ ወደ እርሱ የሚመጣበት አሠራር ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ ያስፈልጋል።

መሣሪያውም ቢሆን ብዙ አይደለም። የድብልቁን ልልነት የሚለካው ስላምፕ የተባለው ሾጣጣ ቆርቆሮ ቁመቱ 30፣ የላዩ አፍ 10፣ የታችኛው 20 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በከተማው ያለ የብረት ብየዳ ቤት በልኩ ሊሠራው ይችላል። በየጎኑ 15 ሴንቲ ሜትር የሆነው የፍተሻ ቅርጽም እንዲሁ። የተሞሉት ናሙናዎች በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ተጭነው የሚሰበሩበት ማሽን በወረዳ ከተማ ላይኖር ስለሚችል፣ ናሙናውን ዩኒቨርሲቲ ወዳለበት ከተማ መላክ ይጠይቃል። ውጤቱ ሲመጣ በቢሮ ፋይል ውስጥ ከመቀመጥ ይልቅ፣ ያንን አርማታ ለለኩት፣ ላቦኩትና ለጠቀጠቁት ሠልጣኞች ተነብቦላቸው፣ ያነሰው ቡድን ያነሰበትን ምክንያት ከሳጥኑ፣ ከአሸዋውና ከጀሪካኑ ጀምሮ ከአሠልጣኙ ጋር እንዲፈትሽ መደረግ አለበት፤ የሚቀጥለው ቡካትም ከዚያ በኋላ ይጀመር።